ገመዱ ሕፃናትን አያድንም

ሕፃን ተደፍራ ተገደለች የሚል ዜና በወጣ ቁጥር የአደባባዩ ፍርድ ከዳኛው ይቀድማል። «ይሰቀል!» ይላል ፌስቡኩ፤ «ይሰቀል!» ይላል ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው፤ ሰባኪውም፣ አርቲስቱም፣ የሬዲዮ አዘጋጁም በየፊናቸው ያስተጋቡታል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ ይፋ ሲወጣም የሆነው ይኸው ነበር። በገዳይዋ ላይ የተፈረደው 25 ዓመት እስራት መሆኑ ሲታወቅ አገር በቁጣ ነደደ፤ የፊርማ ማሰባሰብ ዘመቻ ተከፈተ፤ ሕጉ ይሻሻል፣ ቅጣቱ ሞት ይሁን የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተሰማ። ዛሬም ስለ ሕፃናት ደኅንነት ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው የቅጣቱን መጠን ነው።

ቁጣው ተገቢ ነው። ከቁጣው የተወለደው መፍትሔ ግን ሕፃናትን ባሉበት አደጋ ውስጥ ይተዋቸዋል፤ እንዲያውም አደጋውን ያባብሰዋል። ይህን የምለው ለደፋሪ አዝኜ አይደለም፤ በሕፃን ላይ እጁን ያነሣ ሰው ረጅም ዘመን ይታሰር ቢባል የምቃወመው ነገር የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው። ልጆቻችን የሚጠቁት ቅጣቱ አንሶ ነው የሚለው እምነት ስለ ሕጉም፣ ስለ ጥቃት አድራሹም፣ ስለ እኛ ስለ ራሳችንም ሐሰት ይነግረናል።

ከሕጉ እንጀምር። ሕጋችን ለስላሳ ነው የሚሉ ብዙዎች ሕጉን ገልጠው ያዩት አይመስለኝም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 መሠረት 13 ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ወንድ ልጅ በወንድ ሲጠቃ ደግሞ አንቀጽ 631 መነሻውን ከፍ አድርጎ ከ15 ዓመት ይጀምራል። ለከባድ የሰው ግድያም የሞት ቅጣት በአንቀጽ 539 ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሲፈጸም ባይሰማም ከመጽሐፉ አልተፋቀም። እንግዲህ 25 ዓመት እስራት፣ ዕድሜ ልክና ሞት ሁሉም አሉን። የጎደለን የቅጣት ዓይነት ከሆነ ይህን ሁሉ ይዘን ስለምን ልጆቻችን አልዳኑም?

ምክንያቱም ከነዚህ አንቀጾች ፊት የሚደርሰው ጥቃት አድራሽ ጥቂቱ ነው። ከልጅ አፍ እስከ ዳኛ ችሎት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጉዳዩ የሚቀረውም እዚያ መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጅ የደረሰበትን እንደ አዋቂ ቁጭ ብሎ አያስረዳም። «እነ እንትና ቤት አልሄድም» ይላል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል፤ ሽንት ሲሸና ያለቅሳል፤ በትምህርቱ ይደክማል። ብንጠይቀው ሊነግረን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ያሳደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ይላል ብለን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሳሚው፣ ምን ያሳፍርሻል!» ብለን ገፍተናታል፤ ሰውነቷ የራሷ መሆኑን ግን አልነገርናትም። የሰውነቷን ክፍሎች ስም እንኳ ስላላስተማርናት የሆነውን የምትናገርበት ቃል የላትም። ብርጭቆ ሰብሮ የተገረፈ ልጅ ደግሞ ከብርጭቆ የባሰ ነገር ሲደርስበት ለማን ብሎ ይናገራል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ቤት ውስጥ ግን ዱላው ገና እንደ ምክር ይቆጠራል፤ ዱላ የለመደ ልጅም የትልቅ ሰው እጅ ሲያርፍበት መታገሥ ግዴታው ይመስለዋል።

ልጁ ደፍሮ ተናገረ እንበል። የሚቀጥለው ጥያቄ ማንን ከሰሰ የሚለው ነው። ልጆችን የሚያጠቃው ሰው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። እንጀራ አባት ነው፣ አጎት ነው፣ አከራይ ነው፣ አስጠኚ ነው፣ አሠልጣኝ ነው፣ አንዳንዴም የሃይማኖት አስተማሪ ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ይሆናል፤ የታናናሾቿ አባት እሱ ይሆናል፤ ከገጠር አምጥቶ ያስጠጋቸው እሱ ይሆናል። ወንድ ልጅ ሲሆን ዝምታው ይብሳል፤ «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» የሚል አለ፤ ስሙ ይጠፋል ብሎ የሚሸሽግም አለ። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያየው የወንጀል ሕጉን አይደለም። የሚያየው የነገን እንጀራና የሰፈሩን ምላስ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ያኔ ነው። ልጅቷ ትታጠባለች፣ ልብሷ ይታጠባል፣ ማስረጃው ከሳሙናው ጋር ይሄዳል። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ነበረበት፤ ሦስቱ ቀናት ግን «እስኪ ዘመድ እናማክር» በሚለው ያልቃሉ።

ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። ነጭ ጋቢ ለብሰው የመጡት አባቶች ክፉዎች አይደሉም፤ ቤት እንዳይፈርስ የሚደክሙ ናቸው። «ልጅቷም ነገ ባል ታገባለች፣ ስሟ አይነሣ፤ እሱም ሰይጣን አሳስቶት ነው» ይላሉ። ካሳ ይቆረጣል፣ እግር ይሳማል፣ እርቅ ይወርዳል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና ዐቃቤ ሕግ የግል አቤቱታ ሳይጠብቅ የሚከሰው ስለሆነ በሕግ ዓይን ይህ እርቅ ክሱን አያስቀርም። በተግባር ግን ምስክሯ ወደ ሌላ ከተማ ትላካለች፤ እናትየው «ተሳስቼ ነው» ትላለች፤ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ይዘጋል።

ጣቢያ የደረሱትም ቢሆን ከሌላ ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። ሐኪሙ «የሚታይ ጉዳት የለም» ብሎ ከጻፈ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሕክምናው ዘንድ የታወቀው ግን ጥቃት ከደረሰባቸው ሕፃናት በአብዛኞቹ ሰውነት ላይ በምርመራ የሚታይ ምልክት እንደማይገኝ ነው፤ መነካካት ጠባሳ አይተውም፤ የልጅ ሰውነትም ቶሎ ይሽራል። ንጹሕ የምርመራ ወረቀት የሰውየውን ንጽሕና አያረጋግጥም። ቢሆንም ልጅቷ «ዋሽታ ነው» ተብላ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ ሰውየውም እዚያው ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስና እነዚህን ሁሉ ይዘን እንጠይቅ። ቅጣቱ ሞት ቢሆን ከነዚህ መሰናክሎች የትኛው ይነሣል? አንዱም አይነሣም። ይልቁንስ የመጀመሪያው፣ የቤት ውስጡ ዝምታ፣ ይጠነክራል። ዛሬ «አባትሽን ልታሳስሪው ነው?» የምትባል ልጅ ነገ «አባትሽን ልታስገድዪው ነው?» ትባላለች። አያቷ ተንበርክካ ትለምናታለች። እናቷ የገዛ ወንድሟን ለስቅላት አሳልፋ ለመስጠት የ8 ዓመት ልጇን ቃል ብቻ ይዛ ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል። ሽማግሌው አሁን ከሚያቀርበው ሰበብ የበለጠ ክብደት ያለው ሰበብ ያገኛል፤ የሰው ነፍስ ላድን ነው የመጣሁት ይላል። አገር ለማያውቀው አውሬ ያዘጋጀው ቅጣት ሥራ ላይ ሲውል የሚያርፈው በአጎት አንገት ላይ ነው፤ አጎትን ለማዳን ደግሞ ዘመድ ሁሉ አንድ ሆኖ ይዋሻል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ሕፃንን የደፈረ በሞት እንዲቀጣ የሚፈቅድ ሕግ ነበራት። በዚያ ሕግ ሞት የተፈረደበት ሰው የ8 ዓመት ልጅቷ እንጀራ አባት ነበር፤ ልጅቷ መጀመሪያ ላይ የተናገረችው ያጠቋት ሁለት የሰፈር ልጆች እንደሆኑ ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ 5 ለ 4፣ የሞት ቅጣቱን ሻረ። ለፍርድ ቤቱ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ካቀረቡት መካከል የማኅበራዊ ሠራተኞች ማኅበር ይገኝበታል፤ እነዚህ ለደፋሪ ጠበቃ የሚቆሙ አይደሉም፣ ከተጠቁ ሕፃናት ጋር የሚውሉ ናቸው። ያሳሰባቸውም የሞት ቅጣት ቤተሰብን ዝም ያሰኛል የሚለው ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ስጋት ተጋርቶታል። በዚያው ላይ ሌላ አስፈሪ ነጥብ ጨመረ፦ መድፈርና መግደል እኩል ካስቀጡ ደፋሪው ብቸኛዋን ምስክር በሕይወት የሚተውበት ምክንያት ይቀንሳል። «ይሰቀል» የሚል ሁሉ ይህችን ነጥብ ቆም ብሎ ቢያስባት እወዳለሁ። ቅጣቱ የሚጻፈው ለተያዘው ሰው ቢሆንም ካልተያዘው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያለች ልጅም አለች።

ስሜታችን የኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ዕድሜዋ 12 ዓመት ያልሞላን ልጅ ለሚደፍር የሞት ቅጣትን በሕግ አስገባች፤ ባንግላዴሽ በ2020 ለአስገድዶ መድፈር እንዲሁ አደረገች፤ በናይጄሪያ የካዱና ግዛት በዚያው ዓመት ማኮላሸትን ደነገገ። ሁሉም ያደረጉት በአንድ አሰቃቂ ጉዳይ ወይም በተከታታይ በተሰሙ ጉዳዮች የሕዝብ ቁጣ ሲገነፍል ነው። መንግሥታት ይህን መንገድ የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንቀጽ ማሻሻል ከወረቀት በቀር ወጪ የለውም። በየወረዳው የሠለጠነ መርማሪ፣ የሕፃናት ሐኪምና መጠለያ ማቋቋም ግን በጀት ይጠይቃል። «ይሰቀል» ብለን ስንጮህ ባለሥልጣኑን የምናስጨንቀው ይመስለናል። እሱ ግን እፎይ ይላል፤ በርካሹ ስለጠየቅነው።

«ሰው የሚፈራው ሞትን ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነት ነው፣ ሰው ሞትን ይፈራል፤ ይደርስብኛል ብሎ ሲያምን። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ ወንጀለኛን የሚገታው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን የቅጣት አይቀሬነት ነው ሲል ተከራክሯል፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ የወንጀል ጥናቶችም በብዛት ከዚህ ጋር ይስማማሉ። የሕፃናት አጥቂ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ሰው 13 ዓመት ነው 25 ዓመት እያለ አንቀጽ አያነጻጽርም። የሚያጠናው ልጅቷን ነው፤ ማን እንደሚያምናት፣ እናቷ መቼ ከቤት እንደምትወጣ፣ ከረሜላና ሞባይል ምን ያህል ዝም እንደሚያሰኛት። «ለማንም ብትናገሪ እናትሽ ትሞታለች» የሚላት ስለ ዝምታ አስልቶ ነው። ስሌቱ የሚፈርሰው ልጅቷ ተናግራ የተሰማች ዕለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስቆጣኝ ሌላ ነገር አለ። አደባባይ ላይ ገመድ የሚጠይቀው ሕዝብና ሳሎን ውስጥ እርቅ የሚያወርደው ሕዝብ አንድ ነው። ለማያውቀው ሰው ስቅላት ይፈርዳል፣ ለሚያውቀው ግን ምሕረት ይለምናል። ጭካኔውም ይሁን ምሕረቱ የሚጠቅመው ለፈራጁ ነው፤ በመጀመሪያው እኛ ንጹሐን መሆናችንን እናውጃለን፣ በሁለተኛው ስማችንን እናተርፋለን። ልጅቷ በሁለቱም ውስጥ የለችም። ጥቃት አድራሹን ከሰው ተራ አውጥተን «አውሬ» ባልነው መጠን ደግሞ ቤታችን ያለው ሰው ከጥርጣሬ ነፃ ይወጣል፤ አጎት ሳቂታና ጸሎተኛ ነውና አውሬ ሊሆን አይችልማ!

ከሁሉም ዝምታችን የሚከፋው በቤት ሠራተኛነት በተቀጠሩ ልጆች ላይ ነው። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣች የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ በከተማ ስንት ቤት ውስጥ አለች? ኩሽና ወይም ሳሎን ወለል ላይ ትተኛለች፤ በሯን የምትዘጋበት ቁልፍ የላትም፤ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፤ ስልክ የላትም። የቤቱ ጌታ ወይም ጎረምሳው ልጅ ቢነካት የምትነግራት እመቤት ቀድማ «አንቺ ነሽ ያባለግሽው» ብላ ታባርራታለች። ለዚህች ልጅ ፊርማ የሚያሰባስብ የለም። ገመዱም አይጠቅማትም፤ የሚጠቅማት በዚህ ዕድሜ አለመቀጠሯ፣ ትምህርት ቤት መግባቷና መምህር በየቀኑ ፊቷን ማየቱ ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» ለሚለኝ መልሱ የተሠወረ አይደለም፤ ከፊሉ አገር ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የተጠቃች ልጅ እዚያ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ግቢ ታገኛለች፤ የደረሰባትን ከቢሮ ቢሮ እየዞረች አትደግምም። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ደግሞ ለሕፃናት የተዘጋጀ ችሎት አለ። ልጁ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ጥያቄውን በልጅ ቋንቋ ያቀርብለታል፤ ዳኞቹ በካሜራ ይከታተላሉ፤ ልጁ የተከሳሹን ዓይን አያይም። ይህ የውጭ አገር ምኞት አይደለም፤ እኛው ያቋቋምነው ነው። ጥፋታችን በዋና ዋና ከተሞች አጥር ውስጥ ማስቀረታችን ነው። ከወረዳ ከተማ ሁለት ቀን ተጉዞ 72 ሰዓቱን ማን ይደርስበታል? የፊርማ ዘመቻ ከተከፈተ አይቀር በየዞኑ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማዕከል ይከፈት ተብሎ ይፈረም።

ሕግ ይሻሻል ከተባለም የሚሻሻለውን ላሳይ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት ወንጀልን ያወቀ ሰው ሁሉ እንዲያሳውቅ የሚገደደው በመሠረቱ ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ከ13 እስከ 25 ዓመት የሚያስቀጣው የሕፃን ጥቃት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ይቀራል። «እንግዲያው ሞት ይደረግና ማሳወቅ ግዴታ ይሁና» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ ገመድ አያስፈልግም፤ መምህር፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ የማሳደጊያ ሠራተኛና የሃይማኖት አገልጋይ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃትን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ፣ ያሳወቀውንም የሚጠብቅ አንድ ግልጽ ድንጋጌ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ደብቆ «በውስጥ እንጨርሰው» ያለ ርዕሰ መምህር በሕግ ይጠየቃል። ትምህርት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳና የስፖርት ቡድን ደግሞ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ ይኑራቸው። ይህ ማንንም አያዋርድም፤ ንጹሑን አስተማሪ ከሐሜት ይጠብቀዋል፣ ክፉውን ደግሞ ዕድል ይነሣዋል።

እናትም መታየት አለባት። ለፖሊስ የተናገረች ዕለት ኪራይ ከፋይ የምታጣ ሴት «ለምን ዝም አልሽ» ተብላ ብትወቀስ ልጇ አትድንም። መጠለያ፣ ጊዜያዊ ድጎማና ሥራ ለሕፃናት ደኅንነት የሚደረግ ወጪ ነው፤ ከማረሚያ ቤት በጀት ጋር እኩል ሊታሰብ ይገባል።

«ሽምግልና ባህላችን ነው፣ ልታጠፋው ነው ወይ?» የሚሉኝ አባቶች ይኖራሉ። አላጠፋውም። ባልና ሚስት ያስታርቁ፣ የወሰን ጠብ ያብርዱ፣ ደም ያድርቁ። ግን እርቅ በሁለት ተበዳዮች ወይም በሁለት እኩዮች መካከል ነው፤ የ7 ዓመት ሕፃንና የ40 ዓመት ሰው ምን ተጣሉና ይታረቃሉ? አባቶች ሥራ ከፈለጉ አላቸው፤ እናቲቱን ይዘው ጣቢያ ይድረሱ፣ ምስክር የሚያስፈራራውን ዘመድ ይገሥጹ፣ ዕድሩ ለተጠቂዋ ቤት ገንዘብ ያዋጣ፣ «ስሟ ጠፋ» የሚለውን አፍ ያስዘጉ። የሽማግሌ ክብር ለዚህ ከዋለ ከአሥር አንቀጽ ይበልጣል።

በመጨረሻ ለቁጣችን መለኪያ ይበጅለት እላለሁ። የሚቀጥለው አሳዛኝ ዜና ሲመጣ ስንት ዓመት ተፈረደበት ከሚለው በፊት የምንጠይቀው ይህ ይሁን፦ ከትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? መቼ አወቀ? ምን አደረገ? ከመንግሥትም የምንጠይቀው ቁጥር ይኑረን። እያንዳንዱ ክልል ስንት የሕፃናት ጥቃት አቤቱታ እንደደረሰው፣ ስንቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና እንዳገኘ፣ ስንቱ ክስ እንደተመሠረተበት፣ ስንቱ በምስክር መጥፋት እንደተዘጋ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቅ። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ የተዘጉት መዝገቦች ካልቀነሱ የትኛውም የቅጣት አንቀጽ ቢጻፍ ሕፃናቱን ጠበቅናቸው ማለት አንችልም።